ጠብታ የላከችልኝ ገጾች

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከዛሬ ጀምሮ የግሩፑ ተቀባይ ሆኛለሁ። የፊልም ጽሑፍ የሚሞክሩ ሰዎች በስልክ የተሰባሰቡበት ግሩፕ ነው። ተቀባይ ማለት አዲስ ሰው ሲገባ «እንኳን ደህና መጣህ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል፣ የመጀመሪያ ገጹን የሚያነብለት፣ ሳያስደነግጥ የሚያርምለት ሰው ነው። የሾሙኝ ጋሼ መቀስ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ማንም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ፊልም ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የማንንም ጽሑፍ ሳይቆርጡ ስለማይመልሱ ነው ስሙ የወጣላቸው። «አንቺ ገና ትናንት ስለገባሽ የአዲስ ሰው ሆድ ይገባሻል» አሉኝ።

ትናንት ያሉት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ያን ጊዜ አንድ ገጽ ላክኩ፤ ሰባት ሰው አርሞ መለሰልኝ፤ አንዱም አልሳቀብኝም። ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ለምትውል፣ ከአለቃዋና ከእህቷ በቀር የሚያናግራት ለሌለ ሴት ያ ምን ማለት እንደነበር እዚህ ደብተር ላይ እንኳ መጻፍ ያሳፍረኛል።

እህቴ ሹመቴን ስነግራት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ወንበር አለው?» አለች። የለውም አልኳት።

«እንግዲያው የሚገለብጥሽ የለም።»

አርብ፣ ጥቅምት 8

የመጀመሪያዋ እንግዳዬ መጣች። የመግቢያ ስሟ «ጠብታ» ነው። ፎቶ የላትም። «ጤና ይስጥልኝ። ጽፌ አላውቅም። አንድ ገጽ ብልክ የሚያነብልኝ ሰው አለ?»

ገጹ እንዲህ ይላል፦ ሴትዮዋ ድንች ትልጣለች። ውጭ መኪና ይቆማል። ቢላዋውን ታስቀምጣለች። የመኪናው በር ሲዘጋ ታዳምጣለች። ቀስ ብሎ ከተዘጋ ቢላዋውን አንስታ መላጧን ትቀጥላለች። ዛሬ ቀስ ብሎ አልተዘጋም።

በቃ፣ ሌላ የለውም። ምሳዬን ረስቼ አራት ጊዜ አነበብኩት። ግሩፑ ላይ ሲወጣ ባለቆቡ (ፎቶው ላይ ከቆብ በቀር ፊት ስለማይታይ እንዲህ ነው የምንለው) «ይሄን ጀማሪ አይጽፈውም» አለ። ጋሼ መቀስ «የሚቆረጥ የለም» አሉ። ለማንም እንዲህ ሲሉ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ቀናሁ። ትንሽ እንኳ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከጠብታ ጋር ለብቻችን መጻጻፍ ጀምረናል። ደንቧ ብዛቱ! የምትጽፈው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ከዘጠኝ በኋላ ምንም እንዳልልክላት። ቅዳሜና እሁድ የለችም። የላከችውን አንብቤ ወዲያው እንዳጠፋው፤ እሷም በበኩሏ ታጠፋዋለች። ለግሩፑ የሚወጣው እኔ ያረምኩት ብቻ ይሁን።

አዲስ ሰው እንዲህ ነው፤ ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብሎ ይሰጋል። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን ጽሑፌን በይለፍ ቃል ቆልፌ ቃሉን የረሳሁ ሰው ነኝ። ይህን ስነግራት ሳቀች። ማለቴ «ሃሃ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ «እዚህ መሳቅ ደስ ይላል» አለች።

አርብ፣ ጥቅምት 15

ሥራ በሥራ። የሁለት ክሊኒክ ትእዛዝ ባንድ ቀን። ጄሶው ሳይደርቅ ከቅርጹ አውጥቼው ተሰነጠቀ። አለቃዬ ጮኸብኝ፤ እውነቱን ነው፣ ስልኬን እያየሁ ነበር። ጠብታ ሦስት ገጽ ልካለች። ባልየው ገባ። ስም የለውም፤ «እሱ» ብቻ። ጥሩ ምርጫ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

እህቴ ትንንሽ ፊደል ማየት ከተሳናት ወዲህ እሁድ ጠዋት ጋዜጣ አነብላታለሁ። ዛሬ በጋዜጣው ፋንታ አርብ የመጣውን የጠብታ ትዕይንት አነበብኩላት፤ ካነበብኩላት በኋላ ላጠፋው።

ሰውየው እየበላ ነው። ምግቡ ጥሩ ነው ይላል። ሴትዮዋ ጥሩ ሲላት ይበልጥ ትፈራለች። «ዛሬ ማን ደወለ?» ይላታል። «ማንም።» እጁን ዘርግቶ ስልኳን ይነካል። «ስልኩ ሞቋል» ይላል። ከዚያ መብላቱን ይቀጥላል።

እህቴ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ልጅቷ የት ናት?»

«ሴትዮዋ? ገጸ ባህሪ ናት እኮ።»

«የምትጽፈዋን ነው የምልሽ።»

«አላውቅም። እዚያ ማንም የት እንዳለ አይናገርም።»

«አልጠየቅሻትም?»

ጥሩ ደራሲ ያልኖረውን የኖረው ሊያስመስል ይችላል፣ ጥበቡም እሱ ነው እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «ስልኩ ሞቋል» አለች ለራሷ። «ይሄንን ቁጭ ብሎ የሚያስበው ሰው የለም።» ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ደግሞ፣ እንድሰማት ይሁን አይሁን እንጃ፣ «ያኔም እንዲሁ ነበርሽ» አለች።

ያኔ የምትለውን አውቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ባሏን ጥላ ወደ እኔ የመጣችው ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው በሬን ከፍቼላታለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አብረን አለን። የምታነሳብኝ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ግሩፑ ላይ ክርክር ነበር። ባለቆቡ «ለምን ጥላው አትሄድም? ተመልካች ይሰለቻል» ብሎ ጠየቀ። ጠብታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ቃል መለሰች፦ «ወዴት?» ሃያ ሁለት ሰው የልብ ምልክት ሰጣት። ጋሼ መቀስ ይህ ቃል ጽሑፉ ውስጥ ይግባ አሉ፤ አስገባችው።

እኔ ደግሞ የቦታ ስሞቹን አስወጣኋት። የሰፈሩ ስም፣ ከቤቷ ጀርባ ያለው ፋብሪካ፣ መስኮቷ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ማስታወቂያ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ነበር። «የትም ያለ ሰው የኔ ታሪክ ነው እንዲል አውጪው» አልኳት።

«ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት።»

«ለምን?»

«እንዲሁ» አለች። አወጣችው። አሁን ጽሑፉ እንዴት እንደሚፈስ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

የአጭር ፊልም ጽሑፍ ውድድር ወጥቷል፤ የመጨረሻው ቀን ኅዳር 15 ነው። ከግሩፑ የአንድ ሰው ሥራ ይላክ ተባለና ሁሉም የጠብታ ይላክ አለ። እኔም አልኩ። (የኔን የጠቀሰ የለም። ይሁን።)

የቀረው መጨረሻው ነው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ምንም አታደርግም። ለጋሼ መቀስ ቅሬታዬን ስነግራቸው «ምንም አለማድረጓ ነው ፊልሙ፤ ይቺን ልጅ አታስቸኩያት» አሉኝ። እሳቸው የድሮ ሰው ናቸው። ግጭት የሌለበት ጽሑፍ ዳኛ ፊት አይቆምም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፊት ለፊት ትጋፈጠው።

አርብ፣ ጥቅምት 29

ዛሬ የተባባልነውን እንዳልረሳው ልጻፈው፤ ለሌላ ጀማሪም ይጠቅማል።

«እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊት ቢነገረው የሚያደምጥ ይመስልሻል?» አለችኝ።

የምሳ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው፤ ባንድ እጄ ዳቦ፣ ባንድ እጄ ስልክ። «ቁም ነገሩ ማድመጡ አይደለም፤ መናገሯ ነው» አልኳት። «ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ ኖራ አንዴ እንኳ ካልተናገረች ተመልካቹ ይቅር አይላትም።»

«ከተናገረች በኋላስ?»

«ከተናገረች በኋላማ ሌላ ሴት ናት። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ማታውስ?»

«የምን ማታ?»

«ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ማታ።»

«እሱን ተመልካቹ ይጨርሰው» አልኳት። ጎበዝ መልስ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ጥርስ ስሞርድ ለብቻዬ ፈገግ ስል አለቃዬ አይቶኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ላከችው! ሴትዮዋ የእራት ሳህኑን ከፊቱ ታነሳለች። «ከዛሬ ጀምሮ በሩን እንዴት እንደዘጋኸው አላዳምጥም» ትለዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው።

«መጨረሻውን እስካሁን አላውቀውም» አለች። «ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ፣ ራሷ ያወጣችውን ደንብ ጥሳ፣ «ስልክ ቁጥርሽን ትሰጪኛለሽ?» ብላ ጻፈች። ግሩፑ ውስጥ ቁጥር መለዋወጥ ክልክል ነው፤ ይህን ደንብ ለአዲስ ሰው የማስረዳው ደግሞ እኔው ነኝ። በዚያ ላይ አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል። «ነገ እናወራለን፤ መጨረሻውን ይዘሽ ነይ» አልኳትና የአውራ ጣት ምልክት ላክኩላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሦስት ሰዓት። አራት። ስድስት። ስምንት ተኩል። የለችም።

አርብ፣ ኅዳር 6

የለችም። ኔትወርክ ይሆናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የለችም። መጨረሻ መጻፍ ከባድ ነው፤ እኔ ራሴ አንዱን መጨረሻ አምስት ወር ይዤዋለሁ። ሰው ሲከብደው ይጠፋል። ባለፈው ዓመት ከገቡት ስንቱ ነው ሁለት ገጽ ልኮ የቀረ? ሞልቷል። ባለቆቡም አንዴ ሦስት ወር ጠፍቶ ተመልሷል።

እህቴ ትናንት ጋዜጣ ሳነብላት አቋርጣኝ «የልጅቷስ?» አለች። ሥራ በዝቶባታል አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

እሁድ፣ ኅዳር 15

የውድድሩ የመጨረሻ ቀን። ጠዋት ተቀምጬ ባዶውን ገጽ ራሴ ሞላሁት። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፤ ደረጃውን ትወርዳለች፤ ውጭ ፀሐይ ነው። ለጋሼ መቀስ ላክኩላቸው። በአሥር ደቂቃ መለሱልኝ፤ አንድም መስመር አልቆረጡም። «ይሄ ያንቺ ነው» ብቻ አሉ። «እሷ ወዴት ብላ ጠይቃ ነበር። አልመለስሽላትም።»

አጠፋሁት። ምንም ሳንልክ ቀኑ አለፈ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ከጠብታ መልእክት መጣ። ስልኬ ሲነዝር ከደስታዬ የተነሳ የያዝኩትን ብሩሽ ጣልኩ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ»

ይኸው ነው። አራት ነጥብ የለውም፤ ጥያቄ ምልክትም የለውም። ጠብታ «ሃሃ» ብላ እንኳ አራት ነጥብ ታስቀምጣለች። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሆኗል።

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩት። አለቃዬ «ምነው ገረጣሽ?» አለኝ። የጄሶው አቧራ ነው አልኩት።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ለእህቴ ነገርኳት። ሦስት ቀን ደብቄ፣ ዛሬ ጋዜጣውን ገልጬ ማንበብ አቃተኝና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ፊት ለፊት ትጋፈጠው ያልኩትን፣ የቦታውን ስም ማስወጣቴን፣ ስልክ ቁጥር መጠየቋን። አላቋረጠችኝም። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ።

«ቁጥርሽን ስትጠይቅሽ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ አልፎ ነበር።»

«ሊመጣ ሲል ነው» አለች። «ሊመጣ ሲል ሰው ትፈልጊያለሽ። የምትነግሪው ነገር ኖሮሽ አይደለም። እንዲሁ አንድ ሰው እዚያ ማዶ እንዲኖር ነው።»

«አላወቅኩም» አልኳት።

«አውቀሻል» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም። «እኔን ያኔ ታገሺው ብለሽ የመለስሽኝ ስላላወቅሽ አይደለም። እቤትሽ ግርግር እንዳይገባ ነው።»

ይህን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ በግልጽ ብላው አታውቅም። ሄጄ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ለግሩፑ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልሰደቡኝም። እነዚያው ሰባት ሰዎች፣ ገጼን ያረሙልኝ፣ አሁንም ሥራቸውን ጥለው ተቀመጡ። የጠብታን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ለፍንጭ ማንበብ ያዙ። አንዷ ደረጃዎቹን ቆጠረች፤ ሴትዮዋ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወርድ አርባ ሦስት ደረጃ ትቆጥራለች፣ ስለዚህ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሌላው ከሰዓት በኋላ ሳይረን የሚል ነገር አገኘ። ባለቆቡ «ፋብሪካ ነው! የት ያለ ፋብሪካ ነው በዚህ ሰዓት ፈረቃ የሚቀይር?» አለ። ሁሉም ባለበት ከተማ ያለውን ፋብሪካ መጻፍ ጀመረ። ሃያ ሰባት ፋብሪካ ተዘረዘረ።

ከዚያ አንዷ «የፋብሪካው ስም የለም እንዴ? በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ?» አለች።

ነበረ። የሰፈሩም ስም ነበረ። እኔ ነኝ አውጪው ያልኩት። ያለበትን ገጽ ደግሞ እንዳለችኝ አንብቤ አጥፍቼዋለሁ። ላስታውሰው ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ፊደሉ ሳይሆን በላዩ ላይ ያሰመርኩት ቀይ መስመር ነው የሚመጣብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ከሥራ አስፈቅጄ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ወጣት ፖሊስ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ጠብታ።»

«የአባት ስም?»

«አላውቅም። ጠብታም ስሟ አይደለም።»

«አድራሻ?»

«አላውቅም።»

«የባልየውስ ስም?»

«እሱ ነው የምትለው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አላሾፈችብኝም። ያተምኩትን ጽሑፍ ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የፊልም ጽሑፍ።»

«ልብ ወለድ ነዋ?»

«አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ስልኩ ሞቋል የሚል አለበት» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። የገባት መሰለኝ። ቁጥሬን መዘገበች፤ የመለያ ስሟንም መዘገበች፤ እንዲህ ያለውን የሚከታተሉ ሰዎች ጋ አስተላልፋለሁ፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለች። በር ድረስ ሸኝታኝ «ሰፈሩን ብቻ ብታውቂ ዛሬውኑ ሰው እልክ ነበር» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የጠብታን ስልክ ለያዘው ሰውዬ መለስኩለት። ፖሊሷ አትጻፊለት አላለችኝም፤ ጻፊም አላለችኝም። «አትስደቢው፣ አታስፈራሪው፤ ዱላው እሷ ላይ ነው የሚያርፈው» አለች እህቴ። ስለዚህ እንዲህ ብቻ አልኩ፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ። ደህና ናት?»

መልእክቴ ወዲያው ታየ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ወጣ። ጠፋ። እንደገና ወጣ። እህቴ ፊደሉ ስለማይታያት «ምን ይላል? ምን ይላል?» ትለኛለች። እየጻፈ ነው እላታለሁ። አቆመ እላታለሁ። ደግሞ እየጻፈ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን።

ከዚያ ስሟ ከላይ ጠፋና በቦታው «የተሰረዘ መለያ» የሚል መጣ። የተጻጻፍነው ሁሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም አሁን።

«ሁለት ቃል ነው እኮ» አለች እህቴ። «ደህና ናት ለማለት።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ተቀባይነቱን ተውኩ። ጋሼ መቀስ ተዪ ወይም አትተዪ አላሉኝም። «እኔም ያንን የመጀመሪያ ገጽ አንብቤ የሚቆረጥ የለም ነው ያልኩት» ብለው ጻፉልኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩት የሚቆረጠውን ብቻ ነው።» ከዚያ ወዲህ እሳቸውም አልጻፉም። ፖሊሷ ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አዲስ ነገር የለም።

ዛሬ ሁለት አዲስ ሰዎች ገብተዋል። «ጽፌ አላውቅም» አለ አንዱ። ባለቆቡ ተቀበላቸው። የት ነህ፣ የት ነሽ እያለ ይጠይቃል። አንደኛው ወዲያው ወጣ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 11

ከክሊኒክ የጥርስ ቅርጽ መጣ። የሴት አፍ ነው፤ ትንሽ። ከላይ ሦስት የፊት ጥርሶች የሉም። ወረቀቱ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር አለ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ወደቀች» ይላል። ይህችን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ አንብቤ እንዳለፍኳት አላውቅም።

«ይቺ ሴት ማን ናት?» አልኩት አለቃዬን።

«ቁጥሯ እዚያው ላይ አለ።»

«ስሟን ነው።»

«ለእኛ ስም መጥቶልን ያውቃል? ምን ነካሽ ዛሬ?»

በምሳ ሰዓት ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው የታካሚ ስም አንናገርም አለች። «ስሟ ይቅር፤ ጥርሱን ልትወስድ ስትመጣ ለብቻዋ አድርጋችሁ ጠይቋት» አልኳት።

«ምን ብለን?»

«ወድቃ እንደሆነ።»

«ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» አለችና ዘጋችው።

ጠብታ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ጠብታ የት እንዳለች አላውቅም፤ የትም ልትሆን ትችላለች፣ እንዲያ እንድትሆን አድርጌያታለሁ። ይቺ ሌላ ሴት ናት። ተመልሼ ሰሙን አቀለጥኩና ጥርሶቹን ደረደርኩ። የቀለማቸውን ዓይነት ክሊኒኩ እንደጻፈው ከጎረቤት ጥርሶቿ ጋር አመሳሰልኩ፤ አንዱን እንደ ተፈጥሮው በጥቂቱ አዘነበልኩት። አለቃዬ በመብራት አይቶ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ልክ ናቸው። ስትስቅ የራሷ ይመስላሉ፤ ምን እንደደረሰባት ማንም አያውቅም።